ከቆላ የመጣ ትኩሳት፦ የጎንደር ዩኒቨርሲቲና የኮሮናው ዓመት

የ2012ን የትምህርት ዘመን በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያሳለፈ ተማሪ ከሁሉ በፊት የሚያስታውሰው ሻንጣውን አንጠልጥሎ መናኸሪያ የቆመበትን የመጋቢት ቀን ነው። ለአብደራፊ የሰሊጥ ገበሬ ያ ዓመት የድንበር መዘጋት ዓመት ነው፤ የሚቀጥለው ደግሞ መከር በተኩስ የታወከበት። ጎንደር ከተማ ላይ ስለ ኮሮና የተጀመረ ወሬ ብዙም ሳይቆይ ወደ አምቡላንስና ወደ ቁስለኛ ይዞራል። እነዚህ ትዝታዎች ለየብቻቸው ሲነገሩ ኖረዋል። አንድ ላይ ለማየት ግን ከመጋቢት 2012 መጀመር አይበቃም፤ ወደ ደምቢያ ሜዳ፣ ወደ ወባ ዘመን መመለስ ያስፈልጋል።

ከ1946 እስከ 1954 ዓ.ም.፦ ወባ የወለደው ኮሌጅ

በ1946 ዓ.ም. ገደማ ከጣና በስተሰሜን በተንጣለለው የደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ገባ። በዘመኑ የተመዘገበው የሟች ቁጥር 7,000 ያህል ነው። ሀገሪቱ የነበሯት ጥቂት ሐኪሞች አብዛኞቹ የውጭ ሰዎች ነበሩ፤ እነሱም የሚሠሩት በከተማ ነው። ሐኪም አስተምሮ ለማድረስ ብዙ ዓመት ይፈጃል፣ ወባ ደግሞ ክረምት በወጣ ቁጥር ይመለሳል። መንግሥት ለዚህ ያገኘው መልስ ሐኪም መጠበቁን ትቶ ሌላ ዓይነት ባለሙያ ማፍራት ሆነ። በ1947 ዓ.ም. በዓለም የጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ መንግሥት እርዳታ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ጎንደር ላይ ተከፈተ።

ኮሌጁ ሦስት ዓይነት ባለሙያ ያሠለጥን ነበር፦ ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒታሪያን። ሦስቱ ለየብቻ ተምረው ለየብቻ አይበተኑም፤ በቡድን ሆነው ገጠር ጤና ጣቢያ ይወርዳሉ። አንዱ ያክማል፣ አንዷ ቤት ለቤት ትዞራለች፣ አንዱ ምንጭ ያጎለብታል፣ መጸዳጃ ያስቆፍራል። የደምቢያዋ ቆላ ድባ ከመጀመሪያዎቹ የመማሪያ ሜዳዎች አንዷ ነበረች። ተማሪ ለመመረቅ ጭቃ ረግጦ፣ ሳር ቤት አድሮ፣ ከገበሬ ጋር ተነጋግሮ መምጣት ነበረበት። የቡድን ሥልጠናው መልኩን እየለዋወጠ እስከ ዛሬ አለ፤ እኔ እንደማየው ከሆነ ዩኒቨርሲቲው ካሉት ቅርሶች ሁሉ ዋጋው የሚበልጠው ይኸው ነው።

ኮሌጁ ገና ሳይጠና ሌላ ፈተና መጣ። ከ1950 ክረምት ጀምሮ ወባ የሀገሪቱን ሰፊ ክፍል አጥለቀለቀ፤ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታመመ፣ 150,000 ያህሉ እንደ ሞተ ተገመተ። በ1954 ዓ.ም. ኮሌጁ አዲስ በተቋቋመው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር ገባ።

1960ዎቹና 1970ዎቹ፦ ሰሊጥና ካላዛር

በጓንግና በተከዜ ወንዞች መካከል ያለው ቆላ ለረጅም ጊዜ የከብት፣ የአደንና የኮንትሮባንድ አገር ነበር። በ1960ዎቹ ትራክተር ገባበት። ሁመራ ላይ የተጀመረው ሰፊ የሰሊጥና የማሽላ እርሻ የሰው ጉልበት ይጠይቅ ነበርና ከትግራይ፣ ከደጋው ጎንደር፣ ከወሎና ከጎጃም ወጣቱ ለአረምና ለአጨዳ መውረድ ጀመረ።

ቆላው ገንዘብ ብቻ አልሰጠውም። መረሬው አፈር በበጋ ሲሰነጠቅ በስንጥቁ ውስጥና ከግራሩ ሥር የሚራባ ደቃቅ የአሸዋ ዝንብ አለ፤ ንክሻው ካላዛርን ያስተላልፋል። በሽተኛው ለሳምንታት ያተኩሰዋል፣ ጣፊያው ያብጣል፣ ሰውነቱ እየመነመነ ይሄዳል። ካልታከመ ሞቱ አይቀሬ ነው ማለት ይቻላል። በአካባቢው ተወልዶ ያደገው በልጅነቱ ተነክሶ ሰውነቱ የተላመደ ብዙ ነው፤ የደጋው ልጅ ግን መከላከያ የለውም። በ1960ዎቹ አጋማሽ ሁመራ አካባቢ የካላዛር ወረርሽኝ ሲነሳ በብዛት የተመቱት እነዚሁ እንግዳ ሠራተኞች ነበሩ።

አብዮቱ መጥቶ ሰፋፊ እርሻ ሲወረስ፣ በ1969ም የደርግ ተቃዋሚ የሆነው የኢትዮጵያ ዲሞክራሲያዊ ኅብረት (ኢዲዩ) ሁመራንና መተማን ይዞ ሲዋጋ፣ የሠራተኛው ጎርፍ ቀነሰ። ወረርሽኙም ከሰው ጋር ሸሸ።

ጎንደር በዚህ መሀል ሌላ መንገድ ያዘች። በ1970ዎቹ መባቻ ደርግ ከምሥራቅ ጀርመን ጋር ተስማምቶ የላይፕዚጉ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ መምህራንን ላከ፤ የሕክምና ፋኩልቲ ተከፈተ። ከጤና መኮንን ይልቅ ዶክተር ማፍራት የጊዜው ሩጫ ሆነ። ይህን አንዳንዱ እንደ እድገት ብቻ ይቆጥረዋል፤ የገጠሩን ጤና ጣቢያ ያቀዘቀዘ ውሳኔም ነበር። ደግነቱ የቡድን ሥልጠናው ጨርሶ አልተረሳም።

ከ1984 እስከ 2011 ዓ.ም.፦ አብደራፊ

ደርግ ከወደቀ በኋላ ሰሊጥ ተመለሰ፣ ሠራተኛውም ተመለሰ፣ ካላዛርም አብሮ። ልዩነቱ ኤችአይቪ መጨመሩ ነው። ቤቱን ጥሎ ወራት የሚቆይ ወንድ፣ በካምፕ ዙሪያ የሚከፈት መጠጥ ቤት፣ ኪስ ውስጥ ያለ የአጨዳ ገንዘብ፤ የቀረውን መገመት አይከብድም። ሁለቱን በሽታዎች አንድ ላይ የተሸከሙ ሕሙማን ድርሻ በዓለም ከፍተኛ ከሚባሉት ተርታ ገባ። እነዚህ ሰዎች ታክመው ይድናሉ፣ ከዚያ ካላዛሩ ያገረሽባቸዋል፤ መድኃኒቱ ራሱ መርዛማ ስለሆነ በሕክምናው ላይ የሚሞትም አለ።

በ1995 ዓ.ም. ኤምኤስኤፍ፣ ማለትም ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን፣ አብደራፊ ላይ የካላዛር ሕክምና ጀመረ። የምዕራብ አርማጭሆዋ አብደራፊ ያኔ በእርሻ መሀል የበቀለች የንግድ መንደር እንጂ የጤና ከተማ አልነበረችም። ዛሬ በካላዛር ጥናት ዓለም ስሟ ከብዙ ትልልቅ ከተሞች ይበልጥ ይጠራል። በኋላ እባብ የነደፈውንም የሚያክም ክፍል ተጨመረ፤ በሌሊት ሰሊጥ የሚያጭድ ሰው ከእባብ ጋር መገናኘቱ አይቀርም።

የጎንደሩ ኮሌጅ በ1984 ራሱን ችሎ፣ በ1996 ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1997፣ አንድ ያልተጠበቀ ወሬ ከሊቦ ከምከም ወረዳ መጣ። ቆላ ባልሆነ አገር ሰው በረጅም ትኩሳት ይሞታል። መጀመሪያ ወባ ነው ተባለ፤ በወባ መድኃኒት ግን የሚድን ጠፋ። ሲመረመር ካላዛር ሆኖ ተገኘ። ከቆላ እርሻ የተመለሱ ሠራተኞች ይዘውት እንደመጡ ይታመናል። በሁለት ዓመት ውስጥ ከ2,000 በላይ ሰው አዲስ ዘመን ጤና ጣቢያና በዙሪያው ታከመ።

ዩኒቨርሲቲውም የካላዛር ምርምርና ሕክምና ማዕከል አቋቋመ። በፊት በሽተኛው 30 ቀን መርፌ ይወጋ ነበር፤ ጎንደር የተሳተፈችበት የምሥራቅ አፍሪካ ጥናት ሁለት መድኃኒት በማቀናጀት ሕክምናውን ወደ 17 ቀን አወረደው፤ የዓለም የጤና ድርጅትም በ2002 ዓ.ም. ተቀበለው። ከ2006 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ በዩኒቨርሲቲው ሐኪም በኤርሚያስ ዲሮ መሪነት በጎንደርና በአብደራፊ 58 ሕሙማን ላይ አንድ ሙከራ ተካሄደ። ጥያቄው ካላዛርና ኤችአይቪ አንድ ላይ ለያዘው ሰው አንድ መድኃኒት ይሻላል ወይስ የሁለት ቅንጅት የሚል ነው። ቅንጅቱ የተሻለ ሆነ። ወደዚህ ጥናት በኋላ እንመለሳለን።

እንግዲህ ኮሮና ሲመጣ ጎንደር የነበራት ይህ ነው፦ ከአምስት ሚሊዮን በላይ ሰው የሚያገለግል ሆስፒታል፣ ትኩሳትን ከትኩሳት መለየት የለመዱ ሐኪሞችና የላቦራቶሪ ባለሙያዎች፣ በዳባት ወረዳና በቆላው ለዓመታት ቤት ለቤት የዞሩ መረጃ ሰብሳቢዎች። በሌላ በኩል በማራኪ፣ በቴዎድሮስና በፋሲል ግቢዎች የታጨቁ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች። በአንድ ዶርም ብዙ ሆነው ያድራሉ፣ በአንድ ካፌ ይሰለፋሉ። አንደኛው ጓዝ ለወረርሽኝ የተዘጋጀ ነበር፤ ሁለተኛው አልነበረም።

ከመስከረም እስከ መጋቢት 2012 ዓ.ም.፦ ቀድሞ የተናጋ ዓመት

የኮሮናን ዓመት ስናስብ የምንረሳው ነገር አለ። ትምህርቱ የተናጋው ኮሮና ሳይመጣ ነው። በጥቅምት መጨረሻ 2012 በወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከተገደሉ በኋላ ብጥብጥ በሀገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች ተዛመተ። ወላጅ ልጁን ወደ ቤት ጠራ፣ ተማሪ ግቢ ጥሎ ወጣ፣ ክፍሎች ተስተጓጎሉ። በኅዳር ከደምቢ ዶሎ ሲመለሱ የታገቱት ተማሪዎች ወሬ ደግሞ ወራት ሙሉ የወላጆችን እንቅልፍ ነሳ። ብዙ ተማሪ መጋቢት ላይ የደረሰው የመጀመሪያውን መንፈቅ በግድ ጨርሶ ነው።

መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ ላይ ተገኘ፤ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ ጃፓናዊ። መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ዩኒቨርሲቲዎች ለጥቂት ቀናት ተማሪዎቻቸውን ግቢ ውስጥ ይዘው ቆዩ፣ ከዚያ ወደየቤታቸው እንዲሸኙ ተወሰነ። መጋቢት 14 የየብስ ድንበር ተዘጋ፤ መተማ ዮሐንስን ከሱዳኗ ገላባት የሚያገናኘው መንገድ ከጭነት መኪና በቀር ጸጥ አለ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ፣ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብም ተከለከለ።

የመሸኘቱ ውሳኔ ሲወቀስ ሰምቻለሁ፤ ከከተማ ወደ ገጠር በሽታ ይበትናል የሚል ነበር ወቀሳው። ሆኖም በአንድ ዶርም ያደሩትን ሁሉ ለይቶ ማቆየት የሚችል ዩኒቨርሲቲ በሀገሪቱ አልነበረም። የመጋቢቱ መሸኘት ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ስህተቱ የመጣው በኋላ ነው።

ከሚያዝያ እስከ ጳጉሜን 2012 ዓ.ም.፦ የተከፈተ ሆስፒታል፣ የተዘጋ ክፍል

በየዩኒቨርሲቲው ባዶ የቀሩት ዶርሞች ለይቶ ማቆያ እንዲሆኑ ተዘጋጁ። ሀገሪቱ በጥር 2012 መጨረሻ የራሷን ምርመራ እስክትጀምር ድረስ ናሙና ደቡብ አፍሪካ ትልክ ነበር። በወራት ውስጥ ግን ለኤችአይቪና ለሌላ በሽታ የተተከሉ የሞለኪውል መመርመሪያ መሣሪያዎች ለኮሮና እየዋሉ፣ ምርመራው ከአዲስ አበባ ወደ ክልሎችና ወደ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ወረደ። ጎንደርም ከመርማሪዎቹ አንዷ ሆነች። ፋርማሲዎቹ ሳኒታይዘር ቀመሙ፣ ሆስፒታሉ ለይቶ ማከሚያ ከፈተ። በፕሬዚዳንቱ በዶክተር አስራት አፀደወይን የሚመራው ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ዘግቶ ሕክምናውን አሰፋ።

ጭንቁ ከሁሉ የከበደው በመተማ በኩል ነበር። ድንበር ተዘጋ ማለት ሰው አይመጣም ማለት አልነበረም። ሱዳን ውስጥ ሥራ የቆመባቸው ኢትዮጵያውያን በእግርም በመኪናም ይመለሱ ነበር፤ መተማ ዮሐንስ ላይ ለይቶ ማቆያ ገብተው ቀናቸውን ይቆጥራሉ። ድንበሩ ግን በር ያለው ግንብ አይደለም። በጓንግ በኩል፣ በየእርሻው ማሳ በኩል የሚያሻግር መንገድ የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ከዚያ ክረምት መጣ። በሰኔና በሐምሌ ወደ ቆላ የሚወርደውን ሠራተኛ ኮሮና አላስቀረውም፤ ሊያስቀረውም አይችልም። ሥራው በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው በአንድ ወቅት የሚያገኘው የዓመት ገንዘብ ነው። ከደጋ በጭነት መኪና ላይ ተጭኖ ይወርዳል፣ በአንድ ዳስ ውስጥ ብዙ ሆኖ ያድራል፣ ከአንድ በርሜል ይጠጣል። ርቀትህን ጠብቅ የሚለው ምክር እዚያ ከመድረሱ በፊት መንገድ ላይ ይቀራል። የሙቀት መለኪያውም ነገር እንዲሁ ነው። አዲስ አበባ ሕንፃ በር ላይ ግንባር ላይ የሚደገነው መሣሪያ ትኩሳት ካገኘ ኮሮና ይጠረጠራል። አብደራፊ ላይ ትኩሳት ያለበት ሰው ወባ ሊሆን ይችላል፣ ካላዛር ሊሆን ይችላል፣ የግርሻ ትኩሳት ሊሆን ይችላል፣ ኮሮናም ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ነው የ60 ዓመቱ ልምድ የጠቀመው። የካላዛር በሽተኛ ጉልበቱ የደከመ፣ መከላከያው የወደቀ ሰው ስለሆነ ሕክምናውን ማቋረጥ አይቻልም፤ ጎንደርም አብደራፊም የካላዛር አልጋቸውን አላጠፉም። ሕክምናውን ወደ 14 ቀን ለማውረድ በ2010 የተጀመረው የአራት ሀገሮች ሙከራ እንኳ በዚሁ ወቅት ወደ ፍጻሜው ደርሶ ነበር፤ ጎንደር ከቦታዎቹ አንዷ ናት።

የክፍሉ ወሬ ሌላ ነው። የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎች በኢንተርኔት እንዲቀጥሉ አዘዘ፣ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ደግሞ የሚነበብ ነገር በኢሜይልና በቴሌግራም እንዲላክ ተባለ። ጎንደር ከተማ ቤተሰብ ያለው ተማሪ ፋይሉን አወረደ። ከምዕራብ አርማጭሆ ወይም ከቋራ ገጠር የመጣው ግን ኔትወርክ ፍለጋ ተራራ መውጣት ነበረበት፤ ካርድ የሚሞላበትን ብር ደግሞ በአረም ሠራተኝነት ያገኛል። ሰኔ 22 ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል በማግስቱ በመላ ሀገሪቱ ኢንተርኔት ተዘጋ። ሦስት ሳምንት ያህል ዶክትሬቱንም ማስተርሱንም በኢንተርኔት የሚከታተል ተማሪ ከመምህሩ ተቆረጠ። ወረርሽኙ ያላቋረጠውን ትምህርት መንግሥት በማብሪያ ማጥፊያ አቋረጠው።

ስህተቱ የመጣው በኋላ ነው ያልኩት ይህን ነው። ሆስፒታሉ በወራት ውስጥ ራሱን እንደገና አደራጀ፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት ግን ከመጋቢት እስከ ጥቅምት በተግባር ቆመ። ለዚህ ጎንደርን ብቻ መውቀስ አግባብ አይደለም፤ መላው ሀገር እንዲሁ ነበር። ቢሆንም ለገጠሩ በሽተኛ ጤና ጣቢያ ድረስ መውረድን ከ1947 ጀምሮ የለመደ ተቋም ለገጠሩ ተማሪ እንዲሁ የሚወርድበትን ዘዴ አልፈጠረም። ሬዲዮ ነበር፣ የታተመ ሞጁል ነበር፣ በየወረዳው የጤና ጣቢያ ነበር።

2013 ዓ.ም.፦ ተማሪ ሲመለስ

በመስከረም 2013 ዩኒቨርሲቲዎች በየተራ ተማሪ እንዲቀበሉ ተወሰነ፤ ተመራቂዎች ይቅደሙ ተባለ። ዶርም ውስጥ አልጋ ተራራቀ፣ ማስክ ታደለ። ተመራቂዎች ገና በመመለስና በመዘጋጀት ላይ ሳሉ ጥቅምት 24 ሌሊት የሰሜኑ ጦርነት ጀመረ።

አብደራፊ በትግራይና በአማራ ክልሎች ድንበር ላይ ናት፤ ጦርነቱ በሯ ላይ ደረሰ። ሰሊጡ ተከምሮ የሚወቃበት ጊዜ ነበር። ጥቅምት 30 ከአብደራፊ ወደ ሁመራ በሚወስደው መስመር ባለችው ማይካድራ በርካታ ሲቪሎች ተገደሉ፤ ብዙዎቹ እነዚያው የቀን ሠራተኞች ነበሩ። አብደራፊ ላይ ካላዛርና የእባብ ንድፊያ ሲያክም የኖረው የኤምኤስኤፍ ቡድን በዚያ ወር ወደ 300 የሚጠጉ ቁስለኞችን ተቀበለ። ከማይካድራ የተረፉትና ከግንባር የመጡት ጎንደር ሆስፒታል ደረሱ። ኅዳር 4 ምሽት የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ በሮኬት ተመታ። ሆስፒታሉ በአንድ ጊዜ የኮሮና ለይቶ ማከሚያ፣ የጦርነት ቀዶ ሕክምናና የማስተማሪያ ሆስፒታል ሆነ። በኮሮናው ክረምት የተገዛው ጓንትና የተዘረጋው ኦክስጅን ለዚህም ሳይተርፍ አልቀረም።

በምዕራቡ በኩል ደግሞ የሱዳን ጦር በኅዳርና በታኅሣሥ ሁለቱ ሀገሮች ወደሚወዛገቡበት የአልፋሽጋ የእርሻ መሬት ገባ። ለዓመታት ሲያርሱ የኖሩ የመተማና የአርማጭሆ ገበሬዎች ማሳቸውን፣ አንዳንዶችም ምርታቸውን ጥለው ወጡ።

ትምህርቱ እየተጎተተ ቀጠለ። የ2012 የ12ኛ ክፍል ፈተና የተሰጠው በየካቲት መጨረሻ 2013 ስለሆነ አዲስ ገቢ ተማሪ ለወራት አልነበረም። የተጓተተው መርሐ ግብር ተጨማድዶ በጥቂት ወራት ተሰጠ፤ ተማሪውም መምህሩም የሚያውቁት የችኮላ ትምህርት። መጋቢት 4 ቀን 2013፣ የመጀመሪያው ታማሚ በተገኘ ልክ በዓመቱ፣ የኮሮና ክትባት አዲስ አበባ ላይ ተጀመረ።

የዓመቱ ማብቂያም አላረፈም። በሐምሌ መጨረሻ መንግሥት የኤምኤስኤፍን የኔዘርላንድ ክፍል ለሦስት ወር አገደ፤ የአብደራፊው ሥራ በእሱ ሥር ነበርና ሕክምናው ከእጁ ወጣ። በነሐሴ ጦርነቱ ዳባት ደረሰ፤ በጭና ተክለሃይማኖት ብዙ ገበሬዎች ተገደሉ። ዳባት የዩኒቨርሲቲው የሕዝብ ጤና መረጃ ከ1988 ገደማ ጀምሮ ሲሰበሰብ የኖረባት ወረዳ ናት።

ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ

በሰኔ 2014 የዓለም የጤና ድርጅት ካላዛርና ኤችአይቪ አንድ ላይ ለያዛቸው ሕሙማን አዲስ የሕክምና መመሪያ አወጣ፤ ሁለቱን መድኃኒቶች አቀናጅቶ መስጠትን መከረ። የተመሠረተው በሕንድ በተደረገው ጥናትና በ58ቱ የጎንደርና የአብደራፊ ሕሙማን ላይ ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ካርቱም ላይ ውጊያ ሲጀመር የመተማው መንገድ እንደገና ተጨናነቀ፤ በዚህ ጊዜ ግን ከገላባት የሚሻገሩት ሱዳናውያን፣ ከሱዳን የሚመለሱ ኢትዮጵያውያንና የሌላ ሀገር ሰዎች ነበሩ። ስደተኞቹ ኩመር በተባለ ቦታ ሰፈሩ። በክረምቱ መጨረሻ በሰፈሩ ኮሌራ ገባ፤ በዚያው ክረምት በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ከመተማ ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ የሚከፈትበትም የሚዘጋበትም ቀን ነበር።